ሞዴሉ የደም ምርመራን አይተካም፦ ስለ ክሎርፒሪፎስ ረጪዎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በመካከለኛው አዋሽ በአንድ የመስኖ እርሻ የሠራተኞች ጤናና ደኅንነት ኃላፊ ነኝ። ክሎርፒሪፎስ የተባለውን ፀረ ተባይ የሚረጩ 24 ሠራተኞች አሉን። የሽንት ናሙና ወደ ውጭ አገር ልከን የቲሲፒ፣ ማለትም ኬሚካሉ ሰውነት ውስጥ ሲሰባበር የሚቀረው ውህድ፣ መጠናቸው ተለክቶ መጥቶልናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ቁጥር ፊዚዮሎጂ ላይ የተመሠረተ ሞዴል፣ ፒቢፒኬ የሚሉት ውስጥ ካስገባነው ማን እንደሚመረዝ አስቀድሞ ይነግረናል፣ ደም መቅዳትም አያስፈልግም ይላል። በነጻ የሚገኝ ፕሮግራምም አውርዷል። በአይጥ ላይ ጉዳት ያላመጣውን መጠን ለ100 ከማካፈልም ይሻላል ይለኛል። እውነቱን ነው? የፈረንጅ አካል ላይ የተሠራ ሞዴልስ ለእኛ ሰው ይሆናል?»

ባልደረባዎ ከሦስቱ ነገሮች አንዱን በትክክል ይዘዋል። ጥሩ ሞዴል የአይጥን መጠን በደፈናው ለ100 ከማካፈል ይሻላል። ማን እንደሚመረዝ ግን አይነግርዎትም፤ የደም ምርመራንም አይተካም። እንዲያውም የሽንቱን ውጤት ብቻ ይዘው ወደ ሞዴል ከገቡ፣ ከሁሉ በላይ ሊያሳስብዎ የሚገባውን ነገር ሳያዩት ያልፋሉ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ሞዴሉ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ መለየት ያስፈልጋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒቢፒኬ ማለት ሰውነትን በደም የተያያዙ ክፍሎች አድርጎ በሒሳብ መጻፍ ነው። ጉበት፣ ስብ፣ ጡንቻ፣ አንጎልና ኩላሊት እያንዳንዳቸው የታወቀ ክብደት አላቸው፤ በየደቂቃው የሚደርሳቸው የደም መጠንም የታወቀ ነው። በመስኖ እርሻ ስለሚሠሩ ምስሉ ቅርብዎ ነው። ደም ዋናው ቦይ ነው፤ አካላቱ ማሳዎች ናቸው። አንድ ማሳ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ የሚወስነው የቦዩ ስፋትና የአፈሩ ጠባይ ነው። ጉበት ሰፊ ቦይ አለው፤ ልብ ከሚረጨው ደም ሩብ ያህሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ስብ ደግሞ ቦዩ ጠባብ፣ አፈሩ ግን እንደ መረሬ የገባውን አፍኖ የሚይዝ ማሳ ነው። ክሎርፒሪፎስን የመሰለ ስብ ወዳድ ኬሚካል ቀስ እያለ ይገባበታል፣ ቀስ እያለም ይወጣበታል። ሒሳቡ ለእያንዳንዱ አካል አንድ ነው፦ በደም የመጣው፣ በደም የሄደው ሲቀነስለት፣ እዚያው የተሰባበረውም ሲቀነስለት የቀረው። ይህንኑ ለሁሉም አካላት በአንድ ጊዜ መፍታት ነው ሥራው። ስዊድናዊው ቶርስተን ቴኦሬል ሐሳቡን በ1937 ሲያቀርብ ይህን የሚፈታ ኮምፒውተር አልነበረም። ነገሩ ነፍስ የዘራው ከ1960ዎቹ ወዲህ፣ ቢሾፍና ዴድሪክ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች የካንሰር መድኃኒቶችን በዚህ መንገድ ማስላት ሲጀምሩ ነው።

«ለ100 ማካፈል» የሚባለው ልማድ ሁለት አሥሮች የተባዙበት ነው። አንዱ አሥር ከእንስሳ ወደ ሰው ለመሻገር ነው፤ ሌላው በሰውና በሰው መካከል ላለው ልዩነት። እያንዳንዱ አሥር ደግሞ በውስጡ ሁለት ጥያቄ ይዟል፦ ኬሚካሉ ጉዳት ከሚያደርስበት ቦታ ምን ያህል ይደርሳል፣ የደረሰውስ ምን ያህል ይጎዳል። ከእንስሳ ወደ ሰው ባለው አሥር ውስጥ ክፍፍሉ 4 እና 2.5 ነው። ያ 4 ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። ሩብ ኪሎ የምትመዝን አይጥ ልቧ በሰዓት 5.3 ሊትር ያህል ደም ይረጫል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ልብ ደግሞ 360 ሊትር ያህል። በኪሎ ሲካፈል ለአይጧ 21፣ ለሰውየው 5 ሊትር ይደርሳል፤ አራት እጥፍ ነው። ትንሽ እንስሳ ደሟን ቶሎ ቶሎ ስለምታዞር ኬሚካሉንም ቶሎ ጉበት ታደርሰዋለች፣ ቶሎም ታስወግደዋለች።

ሞዴሉ በእውነተኛ ስሌት የሚተካው ይህንን 4 ነው። መረጃ ካለ ደግሞ ከሁለተኛው አሥር ውስጥ የመድረስን ድርሻ፣ 3.16ን፣ ሊተካ ይችላል። የቀሩትን አይነካም። «የደረሰው ምን ያህል ይጎዳል» የሚለው ጥያቄ የደም ፍሰት ጥያቄ አይደለምና። ባልደረባዎ የሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፒቢፒኬ በራሱ መጠንን ይተነብያል እንጂ መመረዝን አይተነብይም። መመረዝ ላይ ለመድረስ ሌላ ሒሳብ ይቀጠልበታል፣ የዚያም መነሻ ሰውና እንስሳ ላይ የተለካ ጉዳት ነው።

ሞዴል በእውነት ለውጥ ያመጣበትን አንድ ታሪክ ልንገርዎ፤ ጥቅሙም ገደቡም ይታይበታል። ዳይክሎሮሜቴን ቀለም ለማስለቀቅ በብዛት ያገለግል የነበረ ፈሳሽ ነው። በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም ባወጣው ጥናት፣ ማውስ የሚባሉት ትናንሽ አይጦች በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 2,000 እና 4,000 ክፍል እየተነፈሱ ቆይተው ሳንባቸውና ጉበታቸው ላይ ዕጢ በዛ። ከዚያ እጅግ ያነሰ የሚተነፍሰው ሠራተኛስ? በቀጥታ መስመር ወደ ታች መውረድ አንዱ መንገድ ነበር። በ1987 ሜልቪን አንደርሰንና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ ይዘው መጡ። ጉበት ይህን ኬሚካል በሁለት በር ያስወጣዋል። አንደኛው በር፣ ሲዋይፒ2ኢ1 የተባለው ኢንዛይም፣ ፈጣን ነው፤ ግን ጠባብ ነው፣ ብዙ ሲመጣበት ይጨናነቃል። ሁለተኛው በር ግሉታታዮን በተባለ የሰውነት ውህድ በኩል ነው፤ ዝግተኛ ነው፣ ግን አይሞላም። ዕጢውን የሚያመጣው በዚህ በሁለተኛው በር የሚያልፈው ነው የሚል መነሻ ያዙ። 4,000 ክፍል የተነፈሰችው አይጥ የመጀመሪያው በር ሞልቶባት ትርፉ ሁሉ ወደ ሁለተኛው ይጎርፋል። መጠኑ ዝቅ ሲል ግን አብዛኛው በመጀመሪያው በር ያልቃል። ስለዚህ በዝቅተኛ መጠን የሰው ጉበት ውስጥ ሁለተኛው በር ላይ የሚደርሰው፣ በተለመደው የቀጥታ መስመር ስሌት ከሚጠበቀው ከ100 እጥፍ በላይ ያነሰ ሆኖ ወጣ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆምና «ሞዴል አደጋን ያሳንሳል» ይላል። ቀጣዩን ግን ይመልከቱ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ በ1997 በዚያው ዓይነት ሞዴል ላይ የሰዎችን መለያየት ጨምሮ አሰላና በሥራ ቦታ የሚፈቀደውን መጠን ከ500 ክፍል ወደ 25 አወረደው። ሞዴሉ የለወጠው የክርክሩን ዓይነት ነው። «በስንት እናካፍል» ይባል የነበረው «በየትኛው በር ስንት ያልፋል» ሆነ፤ ይህ ደግሞ ቤተ ሙከራ ገብቶ የሚለካ ነገር ነው። እኔ ሞዴልን የምወደው ለዚህ ነው። ያልለካነውን ነገር እየጠቆመ ለኩ ይለናል።

ወደ እርስዎ ኬሚካል እንምጣ። ክሎርፒሪፎስ እንደተረጨ ሳለ ነርቭን የማጥቃት ኃይሉ ደካማ ነው። ብርቱውን መርዝ የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው። ጉበት ውስጥ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። በአንደኛው፣ በዋናነት ሲዋይፒ2ቢ6 በተባለው ኢንዛይም አማካይነት፣ ድኙ በኦክስጅን ይተካና ክሎርፒሪፎስ ኦክሶን ይሆናል። ነርቭ የሚያጠቃው ይህ ነው፤ አሴቲልኮሊንኢስትሬዝ ከሚባለው የነርቭ ኢንዛይም ጋር ተጣብቆ ሥራ ያስፈታዋል። የደም ምርመራ የምለውም የዚህን ቤተሰብ ኢንዛይሞች፣ ኮሊንኢስትሬዝን፣ ደም ውስጥ መለካትን ነው። በሁለተኛው መንገድ ኬሚካሉ ይሰበርና ኮሊንኢስትሬዝን የማይነካ ቲሲፒ ይሆናል። ኦክሶኑም ቢሆን ደም ውስጥ ያለው ፒኦኤን1 የተባለ ኢንዛይም ሲሰብረው መጨረሻው ያው ቲሲፒ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። መርዝ የሠራው መንገድም መርዝ ያመከነው መንገድም ሽንት ላይ ሲደርሱ የሚተዉት ምልክት አንድ ነው። ሁለት ሠራተኞች እኩል ቲሲፒ እየሸኑ፣ የአንዱ ነርቭ ላይ የደረሰው ኦክሶን ከሌላው ብዙ ሊበልጥ ይችላል። ሽንቱ ምን ያህል እንደገባ ይነግርዎታል፤ የገባው ምን እንዳደረገ አይነግርዎትም።

በሰው ላይ ያለን ጥሩ መረጃ በ1984 በታተመ የበጎ ፈቃደኞች ጥናት ላይ ያረፈ ነው። በኪሎ 0.5 ሚሊግራም በአፍ የወሰዱት ወንዶች የፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ኮሊንኢስትሬዛቸው ከመነሻው ወደ 15 በመቶ ወረደ፤ የመመረዝ ምልክት ግን አልታየባቸውም። ከገባው 70 በመቶ ያህሉ በቲሲፒነት በሽንት ወጣ። ቲሲፒ ከሰውነት በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜም 27 ሰዓት ያህል ሆኖ ተገኘ። በቆዳ ላይ በኪሎ 5 ሚሊግራም ሲቀባ ደግሞ ወደ ውስጥ የዘለቀው ከ3 በመቶ በታች ነበር። በ2002 ቻርልስ ቲምቻልክና ባልደረቦቹ ይህንና የአይጥ መረጃዎችን አገናኝተው ለክሎርፒሪፎስ የተለየ ሞዴል ሠሩ። የኦክሶኑን መፈጠር፣ መሰበርና ከኮሊንኢስትሬዝ ጋር መጣበቅ ጭምር የያዘ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት፣ ኢፒኤ፣ በ2014 ግምገማው የዚህን ሞዴል የዳበረ ቅጂ ተጠቅሞ፣ የቀይ ደም ሴል ኮሊንኢስትሬዝን በ10 በመቶ የሚቀንሰውን መጠን መነሻው አድርጓል። እርስዎ ሞዴል ልጠቀም ካሉ መነሻዎ የዚህ ቤተሰብ ሞዴል ነው መሆን ያለበት።

የሽንት ቁጥርዎን ወደ መጠን መመለስ ለመጀመሪያ ግምት ሞዴል እንኳ አይፈልግም። ለምሳሌ 60 ኪሎ የሚመዝን ረጪ በ24 ሰዓት ሽንቱ 100 ማይክሮግራም ቲሲፒ አወጣ እንበል። የክሎርፒሪፎስ ሞለኪውል ክብደት 350.6፣ የቲሲፒ 198.4 ስለሆነ፣ 100ው የመጣው ከ177 ማይክሮግራም ክሎርፒሪፎስ ነው። በሽንት የሚወጣው የገባው 70 በመቶ ነው ካልን፣ የገባው 252 ማይክሮግራም ይሆናል። ለ60 ሲካፈል በቀን በኪሎ 4.2 ማይክሮግራም ነው። ሞዴሉ በዚህ ላይ የሚጨምረው ጊዜን ነው። ረጪው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሮ ስድስት ሰዓት ላይ ቢያቆም፣ ልብሱን ሳይቀይር ማታ ቤቱ ቢገባ፣ ቆዳው ላይ የቀረው ሌሊቱን ሙሉ ቢገባ፣ በማግስቱ ጠዋት የተወሰደው ሽንት ምን ያሳያል የሚለውን ሊያስኬድልዎ ይችላል።

ይህ ሒሳብ ግን በቀላሉ ይሰበራል። ናሙናዎ የ24 ሰዓት ሽንት ሳይሆን አንድ ጊዜ የተሸናው ብቻ ከሆነ፣ ውኃ የጠማውና በቂ የጠጣ ሰው ቁጥራቸው በእጅጉ ይለያያል፤ የአዋሽን ሙቀት እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ የሽንቱን መቅጠንና መወፈር በሚያሳየው በክሬአቲኒን የተስተካከለ መሆኑን ከውጤቱ ወረቀት ላይ ያረጋግጡ። ሁለተኛው የከፋ ነው። ክሎርፒሪፎስ አትክልት ላይ ሆኖ በፀሐይና በእርጥበት ሲሰባበር ቲሲፒ ይሆናል። ሠራተኛው ያንን አትክልት ከበላ፣ መርዙ በሰውነቱ ሳያልፍ ቲሲፒው በቀጥታ ሽንቱ ውስጥ ይገኛል። ክሎርፒሪፎስ ሜቲል የተባለው ዘመዱም የሚተወው ምልክት ያው ቲሲፒ ነው። ስለዚህ ከማይረጩ፣ ግን ከዚያው ማዕድ ከሚበሉ ጥቂት ሠራተኞች ናሙና ካልወሰዱ፣ ከ24ቱ ቁጥር ውስጥ የርጭቱ ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚለዩበት መንገድ የለም። ሌላ በጣም ተደጋግሞ ያየሁት ስህተት የመለኪያ አሃድ ነው። ማይክሮግራም በሊትር የተላከውን ማይክሮግራም በግራም ክሬአቲኒን ብሎ ያስገባ ሰው ያማረ ግራፍ ያገኛል፤ ግራፉ ግን የማንንም ሰውነት አይገልጽም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። ሽንት ይረሳል፤ ደም ያስታውሳል። ቲሲፒ በየ27 ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ ርጭት ካቆመ በሳምንቱ ከመነሻው ከ75 አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ይቀራል። የቀይ ደም ሴል ኮሊንኢስትሬዝ ግን በኦክሶኑ ተይዞ ከቆየ ብዙውን ጊዜ አይለቅም። ቀይ የደም ሴል አዲስ ኢንዛይም መሥራት ስለማይችል የሚተካው ሴሉ ራሱ ሲተካ ነው፤ ሴሉ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር መልሶ ማገገሙ በቀን 1 በመቶ ገደማ ነው። አሁን የእርስዎን ረጪ ያስቡት። ሰኞ ይረጫል፣ ኢንዛይሙ ትንሽ ይወርዳል። ሳይመለስ በሳምንቱ ደግሞ ይረጫል። የሽንቱ ቁጥር በየሳምንቱ ወጥቶ እየወረደ «እንደ ሁልጊዜው» ይመስላል። ደሙ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ግን ደረጃ በደረጃ እየወረደ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ በሌላ ጊዜ ምንም ያላደረገው መጠን ሊጥለው ይችላል። የሽንቱን ቁጥር ብቻ የያዘ ሰው ይህንን ቁልቁለት አያይም።

ሌላም ምክንያት አለ። ቲሲፒ የሚናገረው ስለ ክሎርፒሪፎስና ስለ ቅርብ ዘመዶቹ ብቻ ነው። እርሻዎ ላይ ማላታይን ወይም ፕሮፌኖፎስ የተባሉት ፀረ ተባዮችም የሚረጩ ከሆነ፣ እነዚህም ያንኑ ኢንዛይም ያጠቃሉ፤ የቲሲፒ ውጤት ላይ ግን ስማቸው የለም። ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ከዚህ የኬሚካል ቤተሰብ አንዱ ሌላውን የሚያመክኑ ኢንዛይሞችን ይዞ ጉዳቱን ከድምራቸው በላይ ሊያደርገው እንደሚችል ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ለአንድ ኬሚካል የተሠራ ሞዴል ይህንን አያይም። የኮሊንኢስትሬዝ ምርመራ ግን የሁሉንም ድምር በአንድ ቁጥር ያሳያል።

ባልደረባዎ ያወረዱት ፕሮግራም ኤችቲቲኬ የሚባለው ከሆነ፣ ኢፒኤ ያዘጋጀው ከአንድ ሺህ ለሚበልጡ ኬሚካሎች መረጃ የያዘ፣ አር በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተሠራ ጥቅል ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። የተሠራው ግን ብዙ ኬሚካሎችን እርስ በርስ አወዳድሮ የትኛው ቅድሚያ ይጠና ለማለት ነው። የሚያሰላው ዋናውን ኬሚካል ነው፤ በክሎርፒሪፎስ ጉዳይ ግን ወንጀለኛው ኦክሶኑ ነው፣ ኦክሶኑና ኢንዛይሙ መጣበቃቸው ደግሞ በጠቅላላ ሞዴል ውስጥ የለም። ፒኬ-ሲም የተባለውም ነጻ ነው፣ ሰውነቱን በዝርዝር ያስቀምጣል፤ የክሎርፒሪፎስን ኬሚስትሪ ግን ራስዎ ማስገባት ይኖርብዎታል። የትኛውንም ቢይዙ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010፣ የበለጸጉ አገሮች የትብብር ድርጅት ኦኢሲዲ ደግሞ በ2021 ያወጧቸው መመሪያዎች የሚጠይቁት አንድ ነው፦ ሞዴሉ ሲሠራ ያልታየ መረጃ ላይ ይፈተን፣ ውጤቱን አብዝቶ የሚያንቀሳቅሰው የትኛው ግቤት እንደሆነ ይታይ፣ ያ ግቤት ምን ያህል የተረጋገጠ እንደሆነም ይጻፍ። ይህ ያልተደረገለት ግራፍ ለማኔጅመንት ስብሰባ መቅረብ የለበትም።

«ለእኛ ሰው ይሆናል ወይ» ያሉት በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በተሳሳተ መንገድ ነው የሚመለሰው። ሰዎች ወዲያው የሚጠቅሱት በ1996 ኤሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ያሳተሙትን ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ከኢትዮጵያውያን ተሳታፊዎች 29 በመቶው ብዙ መድኃኒቶችን የሚሰባብረውን ኢንዛይም የሚያሠራው የሲዋይፒ2ዲ6 ጂን ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው፤ በዓለም ከታዩት ከፍተኛ ቁጥሮች አንዱ ነው። ይህ ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ለታዘዘለት ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። ለክሎርፒሪፎስ ግን ዋናው ኢንዛይም እሱ ስላልሆነ ያንን 29 በመቶ እዚህ አምጥቶ መለጠፍ ስህተት ነው። ለእርስዎ ረጪዎች የሚጠቅመው ሲዋይፒ2ቢ6 እና ፒኦኤን1 ነው። ሲዋይፒ2ቢ6 ኤፋቪሬንዝ የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰባብር በመሆኑ በኢትዮጵያውያን ላይ በደንብ ተጠንቷል፤ ዝግተኛው የጂን ዓይነት ብዙ ሰው ላይ አለ። ኤፋቪሬንዝ ደግሞ ይህንኑ ኢንዛይም ያበዛል። አሁን በሌላ መድኃኒት በስፋት ቢተካም፣ ሞዴሉ ውስጥ ያለው «መደበኛ ሰው» ምንም መድኃኒት እንደማይወስድ ሆኖ የተሠራ መሆኑን አይርሱ።

ከዚያው የምርምር ቡድን የወጣ ሌላ ጥናት ለእኔ የበለጠ ይናገራል። በ2002 የታተመው ይህ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩና ስዊድን ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አወዳደረ። ተመሳሳይ የሲዋይፒ2ዲ6 ጂን እያላቸው፣ አገር ቤት ያሉት ዝግ ባለ ፍጥነት ነበር ለፍተሻ የተሰጣቸውን መድኃኒት የሚሰባብሩት። ጂኑ አንድ፣ ኑሮው ሌላ። ምግብ፣ በሽታ፣ አካባቢ ኢንዛይሙን ይለውጡታል። ስለዚህ «የኢትዮጵያዊ ጂን አስገብተናል» ማለት ሞዴሉን የኢትዮጵያ አያደርገውም። ክብደትን፣ የሰውነት ስብን፣ የሥራን ድካም ማስተካከል ቀላል ነው፣ ያድርጉት፤ 70 ኪሎ የሚለውን ቁጥር አውጥተው የእርስዎን ሠራተኞች ክብደት ያስገቡ። ኢንዛይሞቹን ግን በአንድ ቁጥር ሳይሆን በሰፊ ክልል አስገብተው ሞዴሉን በሺህ ልዩ ልዩ ሰዎች ላይ ያስኪዱትና ከሁሉ የከፋውን ጫፍ ይመልከቱ። ለደኅንነት ሥራ አማካዩ ሰው አይረባንም።

ከረጪዎቹ ወይም ከተረጨ ማሳ ውስጥ ከሚሠሩት መካከል ነፍሰ ጡር ካለች ወይም ወደፊት ልትኖር የምትችል ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። የተወለደ ሕፃን ፒኦኤን1 ከእናቱ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በኒው ዮርክ እናቶችንና ልጆችን የተከታተሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሎርፒሪፎስን ከልጆች የአእምሮ ዕድገት መዛባት ጋር አያይዘውታል፤ ክርክሩም ይህ ጉዳት ኮሊንኢስትሬዝ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል የሚል ነው። ያ እውነት ከሆነ በኮሊንኢስትሬዝ ላይ የቆመው ሞዴልም ሆነ የደም ምርመራ ፅንሱን አያድኑም። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር ሞዴል አያስኪዱ፤ ከርጭቱና ከተረጨው ማሳ ያርቋት።

ምክሬ ይህ ነው። ሞዴሉን ለጊዜው ያቆዩትና መጀመሪያ ደሙን ያስቀዱ። ቀጣዩ የርጭት ወቅት ከመጀመሩ በፊት፣ ቢያንስ ለ30 ቀን ኦርጋኖፎስፌት ካልነኩ በኋላ፣ የሁሉንም ረጪዎች የቀይ ደም ሴልና የፕላዝማ ኮሊንኢስትሬዝ በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ አስለክተው አማካዩን የግል መነሻ አድርገው ይያዙ። በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ከ«ጤናማ ክልል» ጋር ማወዳደር ብቻውን አይበቃም፤ እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ነው የሚወዳደረው። በወቅቱ መካከል እየደጋገሙ ያስለኩ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መለኪያና በአንድ ቤተ ሙከራ። የካሊፎርኒያ ግዛት ለረጅም ጊዜ የሠራበት ደንብ ጥሩ መመሪያ ነው፦ ከግል መነሻ ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ የአረጫጨቱ ሁኔታ ይመረመራል፤ የቀይ ደም ሴሉ ወደ 70 በመቶ ወይም የፕላዝማው ወደ 60 በመቶ ሲወርድ ሠራተኛው ከርጭት ይወጣል፣ 80 በመቶ እስኪመለስም አይገባም። ደመወዙ እንዳይቆረጥበት አስቀድመው ያስወስኑ፤ አለዚያ ሕመሙን ይደብቃል፣ ምርመራውም ከንቱ ይሆናል።

ላብ፣ ምራቅ መብዛት፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም የጡንቻ መርገብገብ የታየበትን ሰው የሞዴልም የቤተ ሙከራም ውጤት ሳይጠብቁ ልብሱን አስወልቀው፣ በውኃና በሳሙና አጥበው፣ አትሮፒን የተባለው ማርከሻ ወዳለበት ጤና ተቋም ያድርሱት። የሚያጥበው ሰው ጓንት ያድርግ።

ከኬሚካሉ ራሱ መላቀቅንም አሁን ይጀምሩ። የአውሮፓ ኅብረት ክሎርፒሪፎስን ከ2020 ጀምሮ ከገበያው አውጥቶታል። በ2025 ደግሞ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት፣ ለተወሰኑ አጠቃቀሞች ጊዜያዊ ፈቃድ ትቶ፣ እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ማኔጅመንቱን ለማሳመን ሞዴል አያስፈልግዎትም፤ ይህ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ከተያዘ በኋላ ባልደረባዎ ወደ ፕሮግራማቸው ይመለሱ። የቲምቻልክን ዓይነት ሞዴል በእርሻው የርጭት መርሐ ግብር፣ በሠራተኞቹ ክብደትና በሽንቱ ውጤት ያስኪዱና፣ በየሳምንቱ የሚጠበቀውን የኮሊንኢስትሬዝ መውረድ ከተለካው ደም ጎን ለጎን ያስቀምጡት። ተቀራርበው ከሄዱ፣ ርጭቱን በሳምንት ከሁለት ቀን ወደ አንድ ብናወርድ ወይም ጓንቱን ብንቀይር ምን ይለወጣል የሚለውን በሞዴሉ መሞከር ይችላሉ፤ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። ደሙ ሞዴሉ ካለው በእጥፍና ከዚያ በላይ ከወረደ ግን ስህተቱን በመጀመሪያ ማሳው ላይ ይፈልጉት፦ የሚያፈስ የጀርባ መርጫ፣ ቤት የሚወሰድ የሥራ ልብስ፣ በመዝገቡ ላይ ያልተጻፈ ሌላ ፀረ ተባይ።